የውጭ ላይብረሪ ጥገኝነት በጃቫ መጠቅለያ ላይብረሪ

መጠቅለያ ላይብረሪ ማለት ቀድሞ የተሠራን ሌላ ላይብረሪ በውስጡ ይዞ በቀለለ ወይም ለጃቫ በሚስማማ መልክ ለፕሮግራመሮች የሚያቀርብ ላይብረሪ ነው። ያለተጠቀለለው ላይብረሪ ስለማይሠራ፣ የትኛውን ላይብረሪ በየትኛው እትም እንደሚፈልግ በግንባታ ፋይሉ ላይ ይጻፋል። ይህም ጥገኝነትን ማሳወቅ ይባላል።

የጃር ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ክላሶች ብቻ ይይዛል። ሜቨንና ግሬድል የተባሉት የግንባታ መሣሪያዎች እያንዳንዱን ጥገኝነት በቡድን ስም፣ በላይብረሪ ስምና በእትም ቁጥር ለይተው ሜቨን ሴንትራልን ከመሰለ ማከማቻ ያወርዱታል። ተጠቃሚው መጠቅለያውን ብቻ ቢጠራም የተጠቀለለው አብሮ ይመጣል።

አስቸጋሪው ውሳኔ የተጠቀለለው ላይብረሪ ክላሶች በመጠቅለያው ይፋዊ ሜተዶች ላይ ይታያሉ ወይስ አይታዩም የሚለው ነው። ለምሳሌ ሬትሮፊት የተገነባው በኦኬኤችቲቲፒ ላይ ሲሆን፣ ተጠቃሚው የራሱን የኦኬኤችቲቲፒ ክላየንት እንዲሰጠው ይፈቅዳል። ስለዚህ የተጠቃሚው ኮድ ኮምፓይል ሲደረግ ኦኬኤችቲቲፒም መገኘት አለበት። ግሬድል እንዲህ ያለውን ጥገኝነት «ኤፒአይ»፣ በውስጥ ብቻ የሚያገለግለውን ደግሞ «ኢምፕሊመንቴሽን» ይለዋል። ልዩነቱ የመጣው በ2017 እ.ኤ.አ. በግሬድል 3.4 ነው። ላይብረሪው በሜቨን መልክ ሲታተም የመጀመሪያው «ኮምፓይል»፣ ሁለተኛው «ረንታይም» ወደሚባለው ወሰን ይለወጣል።

«ኤፒአይ» መሆን የነበረበት «ኢምፕሊመንቴሽን» ከተባለ የተጠቃሚው ኮድ ኮምፓይል አይሆንም፤ ጉድለቱም ወዲያው ይታወቃል። የተገላቢጦሹ ስህተት ግን ድምፅ የለውም። ተጠቃሚዎች በውስጥ ያለውን ላይብረሪ በቀጥታ መጥራት ይለምዳሉ፤ የመጠቅለያው ባለቤት በሌላ ልተካው ባለ ቀን የብዙዎች ፕሮግራም ይሰበራል።

ሁለት ላይብረሪዎች የአንዱን ጥገኝነት የተለያየ እትም ሲጠይቁ ሜቨን በጥገኝነት ዛፉ ላይ ለፕሮጀክቱ የቀረበውን ይወስዳል፤ ግሬድል በነባሪው ከፍተኛውን እትም ይመርጣል። የተመረጠው እትም የሚፈለገው ሜተድ ከሌለው ኮምፓይለሩ ሳያስጠነቅቅ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ ይቆማል።

የተጠቀለለው በሲ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ጃሩን ማሳወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተዘጋጀው ፋይልም ያስፈልጋል። ኤስኪውላይት ጄዲቢሲ ለዊንዶውስ፣ ለሊኑክስና ለማክ የተዘጋጁትን ፋይሎች በራሱ ጃር ውስጥ ስለሚይዝ ተጠቃሚው ለየብቻ መጫን አያስፈልገውም።