ጎመን ለእንግዳ ይቀርባል ወይ?

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ የሳምንቱን ቁጠባ ሰብስበን ቡና ስንጠጣ አንድ ጥያቄ ተነሣ። ደጋፊዎቻችን ታኅሣሥ 24 ቀን ሊጎበኙን ቀጠሮ ይዘዋል፤ ምን እናቅርብላቸው? ዕለቱ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ነው። ሰፈራችን በስማቸው የሚጠራ ስለሆነ ቀኑን እንዲሁ ልናሳልፈው አይሆንልንም። ልደታቸው ግን ሁልጊዜ የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ነሐሴ 24 ቢሆን ፍልሰታ ተፈትቶ ስለሚቆይ ዶሮውም ሥጋውም ይታሰብ ነበር። ይህን ስንባባል ከመካከላችን አንዷ «ጎመን እንሥራ» አለች።

በዕድሜ የገፉት እናታችን ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ለእንግዳ ጎመን? ጎመን እኮ የቸገረው ሰው የሚበላው ነው። ባይኖራቸው ነው ይበሉን?» አሉ። ሌላዋ እኅታችን ደግሞ በጉሊት ጎመን ሸጣ ሦስት ልጆች ያሳደገች ናትና ቅር አላት። አቦሉ አልቆ በረካው እስኪጠጣ ተከራከርን። ከተሰብሳቢው መካከል ጾም የያዙ አሉ፣ ሙስሊሞች አሉ፣ ጴንጤዎችም አሉ፤ ሁላችንም የምንበላው አንድ ምግብ ቢፈለግ ግን ከጎመን የተሻለ ማግኘት አልቻልንም። በመጨረሻ ውሳኔው አድሮ፣ የጎመንን ነገር አጣርተን በዚህ ጽሑፍ እንድናቀርብ እኛ ጋዜጣ አዘጋጆቹ ታዘዝን።

ገበያ ላይ «የአበሻ ጎመን» እየተባለ የሚሸጠው ቅጠል የኢትዮጵያ ደጋ የወለደው ነው። የሳይንስ ሰዎች ስለ ትውልዱ የሚናገሩት የቤተሰብ ታሪክ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ዩ የተባለ በጃፓን ይሠራ የነበረ ተመራማሪ እንዳሳየው፣ ጎመናችን የሁለት ዕፅዋት ልጅ ነው። አንዱ ወላጁ ጥቁር ሰናፍጭ ሲሆን ሌላው ጥቅል ጎመን የሚገኝበት ዝርያ ነው። ሰናፍጩ 8 ጥንድ፣ የጥቅል ጎመኑ ወገን 9 ጥንድ ክሮሞዞም አዋጥተው የአበሻ ጎመን 17 ጥንድ ይዞ ተገኘ። እንግዲህ በጾም በያይነቱ ላይ ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ሰናፍጭ አንድ ላይ ስናቀርብ፣ ልጁንና ሁለቱን ወላጆች በአንድ ትሪ አገናኘን ማለት ነው።

ዘሩም አይጣልም። እንጀራ እየጋገራችሁ የምትሸጡ አባሎቻችን፣ ጎመን ዘር ተወቅጦ ምጣድ ማሰሻ እንደሚሆን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ይህ ዘር ዛሬ ሩቅ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት አውሮፕላን ከዚህ ዘር ዘይት ብቻ በተሠራ ነዳጅ በረረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ደግሞ ኳንታስ የተባለው የአውስትራሊያ አየር መንገድ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ድረስ ሲበር ከነዳጁ 10 በመቶ የሚሆነው ከዚሁ ዘር የተገኘ ነበር። ይህን ለእናታችን ስንነግራቸው «እሱስ ይብረር፤ እኔ የምጠይቀው ለእንግዳ ይሆናል ወይ ነው» አሉን።

የእሳቸው ጥያቄ ሥሩ ክረምት ላይ ነው። በግእዝ «ሐምል» ማለት ቅጠላ ቅጠል፣ ጎመን ማለት ነው፤ በትግርኛ ዛሬም ጎመን «ሓምሊ» ይባላል። ሐምሌ የሚለውን የወር ስም ከዚሁ ቃል ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው፤ እኛም እንቀበላለን፤ ምክንያቱም በሐምሌ ጎተራው ተሟጦ፣ አዲሱ እህል ገና ቡቃያ ሆኖ ሳለ በጓሮ የሚገኘው ጎመን ብቻ ነው። አዲስ ዓመት ሲጠባ የጎመን ምንቸት እንዲወጣና የገንፎ ምንቸት እንዲገባ የሚባልበት ልማድ የመጣውም ከዚህ ነው። ክረምቱን በጎመን ያለፈ ሰው መስከረም ላይ ገንፎ ቢመኝ አይፈረድበትም። ግን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፦ ሦስት ወር ተሸክሞን የከረመውን ምንቸት ነው «ውጣ» የምንለው።

ከዚህ የባሰም ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳትቆይ ክፉ ቀን መጣ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ። የከብት በሽታ በሬውን ስለጨረሰው የሚያርስ ጠፋ። እህል በሬ ይፈልጋል፤ ጎመን ግን አንዲት ሴት በዶማ ቆፍራ፣ ፍግና አመድ ጨምራ፣ ከቤቷ ጀርባ ታበቅለዋለች። እሱም ሲያልቅ ሳማው፣ ሥራሥሩ፣ ከዱር የተገኘው ቅጠል ሁሉ ተበላ። የነገሥታቱ ግብር ሲጻፍ ጥሬ ሥጋውና ጠጁ በዝርዝር ተጽፏል፤ በክፉ ቀን ቅጠል ቀቅላ ልጆቿን ያተረፈችውን ሴት ግን ማን ይጽፋታል? «ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት ያወረሰችን እንደ እሷ ያለች ሴት ትመስለናለች።

የእናታችን ትዝታ ግን የቅርብ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ፣ ዘይትም ስኳርም ሳሙናም ከቀበሌ ሱቅ በኮታ የሚገኝበት ዘመን መጣ። ያኔ ወጣት ሙሽራ ነበሩ። ሌሊት ተነሥተው ተሰልፈው ዘይቱ ሳይደርሳቸው የሚመለሱበት ቀን ብዙ ነበር። ጎመን ግን ኮታ የለውም። በተከራዩት የጭቃ ቤት ጓሮ ዐሥር እግር ያህል ጎመን ነበራቸው፤ የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠሱ፣ የላይኛውን እየተዉ፣ ዘይት በሌለበት በጨውና በቃሪያ ብቻ ያበስሉ ነበር። ጎረቤት በር ሲያንኳኳ ድስቱን ከአልጋ ሥር ይደብቁት እንደነበር የነገሩን በዚያ ክርክር ቀን ነው። ከእሳቸው ጋር ሃያ ዓመት ቡና ጠጥተናል፤ ይህን አንድ ቀን አንሥተውት አያውቁም። ጎረቤቲቱም የእሷን ድስት ትደብቅ እንደነበር የሰሙት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በልቅሶ ቤት ሲያወጉ ነው።

ያ ጓሮ ዛሬ የለም። በልደታ ብዙ ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ሲበቅልበት፣ ጎመን መብቀያው ጠበበ። አንዳንድ አባሎቻችን አራተኛ ፎቅ ላይ በተቀደደ ባልዲና በጆንያ አፈር ሞልተው ይተክላሉ። ይበቅላል፤ ለአንድ ድስት ግን አይበቃም።

ስለ ጥቅል ጎመን ብዙ የምንለው የለንም። ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው፤ የእኛው ጎመን «የአበሻ» የሚል ቅጽል የተጨመረለትም ሌላ ጎመን መጥቶ መለየት ስላስፈለገ ነው። ከተማው ሲሰፋ፣ ጣሊያኖችም በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደ መርካቶ ሲያዛውሩት፣ ተክለ ሃይማኖት የገበያ ደጃፍ ሆነች። እናቶቻችን አትክልት ለማምጣት ግን ለብዙ ዓመት ፒያሳ አትክልት ተራ ይወጡ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ፣ በዓመቱ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ለጉሊት ነጋዴ ይህ ቀላል አይደለም፤ የትራንስፖርቱ ዋጋ በእያንዳንዷ እስር ጎመን ላይ ይጨመራል።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። የአበሻ ጎመን የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው ይላሉ ባለሙያዎቻችን፦ በውኃ ብዛት፣ በክዳንና በጥድፊያ። ታጥቦ ግንዱ ከወጣ በኋላ ውኃ ሲፈላ ብቻ ይገባል፤ ክዳኑ ገርበብ ይበል፤ ሲለሰልስ ይውጣና ይጨመቅ፤ ከዚያ ይከተፍ። ሽንኩርቱ በዘይት ሳይጠቁር ይቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይግባ፤ ጎመኑ ተጨምሮ በዝግታ ይብሰል፤ የተሰነጠቀ ቃሪያ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይጣልበት። መቀቀያውን ውኃ የምትደፉ እኅቶች፣ ጥቂቱን አስቀሩትና ድስቱ ሲደርቅ ጠብ አድርጉበት።

ጥቅል ጎመን ደግሞ ውኃ አይፈልግም፤ የራሱ ይበቃዋል። ካሮቱና ድንቹ በሽንኩርትና በእርድ ቀድመው ይግቡ፤ እሱ መጨረሻ ይግባ። ከልክ በላይ ከቆየ ያ መጥፎ ሽታው ይመጣል፤ ልጆች ጥቅል ጎመን አንበላም የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ጎመን ለእንግዳ አይሆንም የሚለው ሐሳብ የፈረሰው ግን በጉራጌ እኅቶቻችን ነው። እነሱ ዘንድ ጎመን የበዓል ምግብ ነው። በመስቀል ሰሞን፣ ዋናው ዕርድ ሳይደርስ፣ ደንጌሳት በሚባለው ዕለት ጎመን ክትፎ ይቀርባል። ጎመኑ ተቀቅሎ ውኃው ጠብ እስከማይል ይጨመቃል፤ በቢላ ደቅቆ ይከተከታል፤ በተነጠረ ቅቤ፣ በኮረሪማ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ይታሻል፤ አይብ ተጨምሮ ከቆጮ ጋር ይበላል። አንዷ እኅታችን «እኛ ቤት ጎመን የሚደበቅ አይደለም፤ እንግዳው ሳይቀምስ ቢሄድ ነው የምናዝነው» ስትል እናታችን ዝም አሉ። ወደ ደቡብ የሚበላው ፎሰሴም አለ፤ የበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ ከጎመን ጋር ይቀቀላል፤ ከአባሎቻችን ሁለቱ ይሠሩታል፤ እኛ ግን እስካሁን አልቀመስነውም፤ ቀጠሮ ሰጥተውናል።

አንድ የሚከብድ ነገር ቀርቷል። በከተማችን ከሚሸጠው ቅጠል ብዙው የሚለማው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ነው። ተመራማሪዎች በዚህ ውኃ በለሙ አትክልቶች ላይ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። መታጠብ ጭቃውንና ጀርሙን ይቀንሳል፤ ሥሩ ከአፈር የሳበውን ግን አያወጣም። ጉሊት የምትነግደው እኅታችን ይህ ሲነሣ አንገቷን ደፋች። «ጎመኑን የምረከበው ከመኪና ላይ ነው፤ የየት ወንዝ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ይህን ብትጽፉ ነገ ማን ይገዛኛል?» አለችን። ልንተወው አስበን ነበር። እሷው ራሷ በማግሥቱ ደውላ «ጻፉት፤ የእኔም ልጆች ይበሉታል» አለች። ማኅበሩ ከመጪው ዙር ብድር ለእሷና ለሁለት ነጋዴዎች የተወሰነውን አውጥቶ፣ በጉድጓድ ወይም በቧንቧ ውኃ ከሚያለሙ ገበሬዎች በቀጥታ እንዲረከቡ ለመሞከር ወስኗል። ዋጋው ከፍ ይላል። ደንበኛ ይቀበለው እንደሆነ የምናየው በሁዳዴ፣ ጎመን በሚፈለግባቸው 55 ቀናት ነው።

ታኅሣሥ 24 ቀን ደጋፊዎቻችን መጡ። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰናፍጭና ሁለት ትልልቅ ድስት የአበሻ ጎመን ቀረበ። አንዱን ድስት የሠሩት እናታችን ናቸው። ሲያቀርቡ «ጾም ስለሆነ ነው» ማለታቸውን ግን አልተዉም። እንግዶቹ ደግመው ሲጨምሩ አይተው ወደ ማድቤት ተመለሱና ዝንጅብሉ በዝቶ እንደሆነ ጠየቁን። በዝቶ ነበር፤ ለእሳቸው ግን አልነገርናቸውም።