ልጅ በወንጀል ሲከሰስ ጠበቃ አለው? ጠበቃውስ ምን መሥራት አለበት?

#ሕግ_እንወቅ

ደብረ ወርቅ ላይ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በስርቆት ተጠረጠረ እንበል። ፖሊስ ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ያቀርበዋል፤ ጉዳዩም በዝግ ይታያል። ጠበቃስ?

👉 በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጠበቃ እንዲመደብ የሚያስገድደው በሁለት ሁኔታ ነው፦ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበ፣ አልያም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ከሆነ።

በስርቆቱ ክስ አባት ችሎት ከቀረበ ታዲያ ልጁ ያለ ጠበቃ ሊቀር ይችላል። አርሶ አደሩ አባት ደግሞ ሕግ የት ተምሮ ይከራከራል?

👉 እዚህ ላይ የሚያግዘው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) ነው። የመክፈል አቅም የሌለው ተከሳሽ፣ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ፣ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው። ቤተሰብ ይህን ችሎት ላይ መጠየቅ ይችላል።

👉 ዋናው ነገር ዕድሜ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ፦
▪ 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም።
▪ ከ9 እስከ 15 ያለው የአዋቂ ቅጣት አይጣልበትም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። ተግሣጽ፣ ክትትል ወይም ጠባይ ማረሚያ ሊታዘዝለት ይችላል።
▪ ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ቅጣቱ ግን ሊቀልለት ይችላል። ሞት አይፈረድበትም።

የሚቆጠረው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው።

የልደት ሰርተፊኬት የሌለውን ልጅ ፖሊስ በግምት "18" ብሎ ቢመዘግበውና ጠበቃው ዝም ቢልስ? ልጁ እንደ አዋቂ ተፈርዶበት ወህኒ ሊወርድ ይችላል።

👉 ለስሙ ብቻ የቆመ ጠበቃ በምን ይታወቃል?
▪ ልጁን መጀመሪያ የሚያገኘው ችሎት በር ላይ ነው።
▪ መዝገቡን ሳያነብ "ቅጣቱ ይቅለልልን" ብሎ ይቀመጣል።
▪ ልጁ ለፖሊስ ቃሉን የሰጠው ተገዶ ይሁን አይሁን አይጠይቅም።
▪ የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ አያስቀርብም፣ የሐኪም የዕድሜ ምርመራም አይጠይቅም።

👉 ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ የ15 ዓመቱ ጄራልድ ጎልት በስልክ ጸያፍ ነገር ተናግረሃል ተብሎ፣ ያለ ጠበቃ፣ 21 ዓመት እስኪሞላው ማረሚያ እንዲቆይ ተወሰነበት። አዋቂ ቢሆን የእስር ቅጣቱ ከ2 ወር አያልፍም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 (እ.ኤ.አ) ውሳኔውን ሽሮ ልጆችም የጠበቃ መብት እንዳላቸው ወሰነ።

👉 ምን ይደረግ? የልጁን የዕድሜ ማስረጃ ቶሎ ያዙ። ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብ ዳኛውን ጠይቁ። ጠበቃው ከቀጠሮ በፊት ልጁን ብቻውን እንዲያነጋግረው አሳስቡ። እንደ ደብረ ማርቆስ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ለሚያስፈልገው ቤተሰብ አጋሩት።