ያልተጠየቀ ሰው አይቆጠርም

እኔ ከ10ኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ስለ ስታቲስቲክስ ልጽፍ ነው ስል አንዷ ጓደኛዬ ሳቀችብኝ። ነገሩ ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ የምንኖርባቸው የጅዳና የመካ ታሪክ ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ሁሉም የጀመረው ከማዳሜ ልጅ ላፕቶፕ ነው። ልጅቷ የሕብረተሰብ ጤና ትማራለች። አንድ ማታ ሻይ ሳስገባላት ስክሪኑ በቁጥር ተሞልቶ አየሁና ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። "እያንዳንዱ መስመር አንድ በሽተኛ ነው" አለችኝ። ወደ ጎን ዕድሜው፣ ጾታው፣ መቼ እንደታመመ ተጽፏል። አንዳንድ ሳጥን ውስጥ ግን ነጥብ ብቻ አለ። "ይሄስ?" ስላት፣ "መልስ ያልተገኘለት ነው፤ ፕሮግራሙ ሲያሰላ ይዘለዋል" አለችኝ። ያ ነጥብ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከዚያ ወዲህ እሷን እየጠየቅኩ፣ በስልኬም እያነበብኩ ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ።

በ1865 በሐጅ ጊዜ መካ ውስጥ ኮሌራ ገባ። ከ90 ሺህ ገደማ ሐጃጆች 15 ሺህ ያህሉ ሞቱ ተብሎ ተገመተ። ተገመተ ነው የምለው፤ ያን ሁሉ ሰው በስም የመዘገበ የለማ። በሽታው በመርከብ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በ1866 የብዙ አገር መንግሥታት ኢስታንቡል ተሰብስበው ኮሌራን እንዴት እንደሚያቆሙት መከሩ።

በ1987ቱ ሐጅ ደግሞ ማጅራት ገትር ተነሳ። ያው የበሽታው ዝርያ በ1988 ሱዳንን አጥቅቶ እኛም አገር ገባ። ከዚያ በኋላ ሐጃጅ ሁሉ የማጅራት ገትር ክትባት እንዲወስድ ግዴታ ሆነ።

በዚህ መሀል ቆጠራው ራሱ ተለውጦ ነበር። ልጅቷ የምትሠራበት ኤስፒኤስኤስ የሚባለው ፕሮግራም በ1968 አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። በ1985 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ኤፒ ኢንፎ የሚባል ለበሽታ ምርመራ የተሠራ ፕሮግራም አወጣ፤ በነፃ ስለሚሰጥ ድሃ አገሮችም ተጠቀሙበት። ሳዑዲም በ1989 ወረርሽኝ የሚመረምሩ የራሷን ባለሙያዎች ማሠልጠን ጀመረች። ሥራቸው ለምሳሌ እንዲህ ነው፦ አንድ ድንኳን ውስጥ ሰው ቢመረዝ ሩዙን የበላውንም ያልበላውንም ይጠይቃሉ፤ ከሁለቱ ወገን ስንት ስንቱ እንደታመመ ያወዳድራሉ። ድሮ በእጅ ብዙ ቀን የሚፈጀውን ስሌት ኮምፒውተሩ ወዲያው ያወጣዋል።

አሁን ወደ ጅዳ ልምጣ። በ2012 ዶክተር አሊ ዛኪ የሚባሉ ግብፃዊ፣ እዚሁ ጅዳ ሆስፒታል ተኝተው ከነበሩ የ60 ዓመት ሰው አዲስ ቫይረስ አገኙ። በኋላ መርስ የተባለው ነው። በ2014 ጅዳ ላይ በረታ። ከጥር 1 እስከ ግንቦት 16 ድረስ 255 ሰዎች እንደያዛቸው በላቦራቶሪ ተረጋገጠ፤ 93ቱ ሞቱ።

ከየት ያዛቸው? ምልክት ከታየባቸው 191 ሰዎች 40ዎቹ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ የ112ቱ መረጃ ተገኘ። ከነዚህ 109ኙ ከመታመማቸው በፊት በነበሩት 14 ቀናት ወይ ጤና ተቋም ገብተዋል፣ ወይ የመርስ በሽተኛ ወይም በጠና የሚያስል ሰው ጋ ተገናኝተዋል። ምንም ንክኪ የለንም ያሉት 3 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጥንቃቄው ሆስፒታሎች ውስጥ መጥበቅ እንዳለበት ታወቀ።

እኔን የነካኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። ከ255ቱ 64ቱ "ምልክት የለባቸውም" ተብለው ተመዝግበው ነበር። መርማሪዎቹ ከነሱ 33ቱን አግኝተው ራሳቸውን ሲጠይቋቸው፣ 26ቱ ቢያንስ አንድ ምልክት ነበረብን አሉ። ኮምፒውተሩ አልዋሸም፤ የሰጡትን ነው ያሰላው። የጎደለው ሰውየውን መጠየቅ ነበር።

ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ትኩሳት ይዞኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ተወሰድኩ። ነርሷ ስትጠይቅ ማዳም ቀድማ "ምንም የላትም፣ ድካም ነው" አለች፤ ነርሷም እሱኑ ጻፈች። እኔ ዝም አልኩ። ታማለች ብለው አገሬ ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። አሁን ሳስበው ነጥብ ብሆን ይሻል ነበር። ነጥብ ቢያንስ "አልታወቀም" ማለት ነው፤ እኔ ግን ጤነኛ ተብዬ ተጻፍኩ።

ፍርሃታችን ከንቱ ነው አልልም። የኢቃማውንም የደሞዙንም ጭንቀት አውቀዋለሁ። ግን የዋሸነው ቁጥር መጀመሪያ የሚጎዳው እኛን፣ ቀጥሎም አብረውን የሚያድሩትን ነው። ስለዚህ እነዚህን ቃላት እንያዝ፦ ሐራራ ትኩሳት ነው፣ ኩሓ ሳል ነው፣ ኢስሃል ተቅማጥ ነው፣ ሰላሰት አያም ሦስት ቀን ነው። ነርሷ ስትጠይቅ ዓይኗን አይተን እኛው እንመልስ። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ አንዱ መስመር የእኛ ነው።