ያልተሰጠ ዲፕሎማ፤ በናዚ ዘመን የተባረሩ አይሁዳውያን ተማሪዎችና የስደት ታሪክ አጻጻፍ

የናዚ አገዛዝ ስላሳደዳቸው ፕሮፌሰሮች ብዙ ተጽፏል፤ በተማሪዎች ላይ የወጡትን ሕጎችም አልብሬኽት ጎትስ ፎን ኦለንሁሰን በ1966 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስለመረመሯቸው እዚህ መድገም አያስፈልግም። አከራካሪው ጉዳይ ላውራ ፌርሚ በ1968 ስለ ስመ ጥር ስደተኞች ባሳተሙት መጽሐፍ የተጠቀሙበት መስፈርት ነው። ፌርሚ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ከገቡት መካከል ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ዲፕሎማቸውን ይዘው የመጡትን ብቻ ቆጠሩ። መስፈርቱ ግልጽና ለሥራ ምቹ ቢመስልም፣ ዲፕሎማውን ማን እንደሚያገኝ የወሰነው ራሱ አሳዳጁ መንግሥት ስለነበር፣ መስፈርቱን የሚቀበል ተመራማሪ ሳያውቀው የአሳዳጁን መዝገብ ይገለብጣል።

ሚያዝያ 25 ቀን 1933 የወጣው ሕግ የትምህርት ቤቶችንና የዩኒቨርሲቲዎችን መጨናነቅ መቀነስ በሚል ሰበብ፣ «አርያን ያልሆኑ» የተባሉ፣ ማለትም አንድ አይሁዳዊ አያት እንኳ ያላቸው፣ አዲስ ገቢዎች ከ1.5 በመቶ እንዳይበልጡ ገደበ፤ በጦር ግንባር የተዋጉ አባቶችን ልጆች ግን ከገደቡ ውጭ አደረገ። ይህ ኮታ በሩን አጠበበ እንጂ በግቢው ውስጥ ያሉትን ሁሉ አላስወጣም። ከእነርሱ ለቀሩት የመመረቂያውን መንገድ የዘጋው የፈተና ጽሕፈት ቤት ነበር፤ በ1937 ጀርመናውያን አይሁዳውያን የዶክትሬት ፈተና እንዳይቀመጡ ታገዱ፣ በኅዳር 1938 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ጨርሶ ተዘጋባቸው።

ችላ የተባለው ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ኢንገቦርግ ሲልም (በኋላ ራፖፖርት)፣ እናታቸው ከአይሁድ ወገን የሆኑ የሕክምና ተማሪ፣ በ1938 ጉሮሮን ስለሚዘጋው የዲፍቴሪያ በሽታ ያዘጋጁትን የመመረቂያ ጽሑፍ በሃምቡርግ አቀረቡ። አማካሪያቸው ሩዶልፍ ዴክቪትስ የተማሪዋ የትውልድ ሐረግ በሕግ ባያግድ ኖሮ ጽሑፉን ይቀበሉት እንደነበር በደብዳቤ መሰከሩ፤ የቃል ፈተናው ግን ተከለከለ። ይህ ደብዳቤ ከማንኛውም የኮታ ሠንጠረዥ የበለጠ ይናገራል፤ ሥራው እንዳለቀ፣ የጎደለው ማኅተም ብቻ እንደሆነ በመምህሩ በራሳቸው እጅ አስፍሯልና።

አንድ ሰው ለሁሉም ምስክር ሊሆን እንደማይችል የታወቀ ነው። ሆኖም ቪየና ተመሳሳዩን ነገር ከተቃራኒው አቅጣጫ ታሳያለች። በዚያ ዩኒቨርሲቲ በ1938 ከተባረሩት ከ2,700 በላይ አባላት አብዛኞቹ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ለመመረቅ ከተፈቀደላቸው መካከል በተለየ ሥርዓት ዲግሪ ተሰጥቷቸው፣ በዚያው ቅጽበት በመላው ራይኽ (የናዚ ጀርመን ግዛት) በሙያቸው እንዳይሠሩ የታገዱ ነበሩ። እነዚህ በፌርሚ መስፈርት «የጨረሱ» ሲባሉ፣ የሃምቡርጓ ተማሪ «ያልጨረሱ» ይባላሉ፤ ልዩነቱን የፈጠረው የጽሕፈት ቤት ውሳኔ እንጂ የዕውቀት መጠን አይደለም።

ፌርሚ የጻፉት ስለ ስደት ፍሬ እንጂ ስለ መባረር አይደለም የሚለው መከራከሪያ ብዙ አይራመድም፤ ፍሬውን የሚቆጥር የትኛው ዛፍ በማን እንደተቆረጠ ማወቅ ይኖርበታልና። ራፖፖርት አሜሪካ ገብተው፣ በፊላደልፊያ የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ እንደገና ተምረው በ1940 ሐኪም ሆኑ። ሃምቡርግ ቀሪውን የቃል ፈተና የሰጠቻቸው በ2015፣ በ102 ዓመታቸው፣ በርሊን በሚገኘው ሳሎናቸው ውስጥ ነበር። ፌርሚ በመግቢያው በር ላይ የጠየቁት ወረቀት የተጻፈው ከ77 ዓመት በኋላ ነው።