የተለወጠ መኪና፣ ያልተለወጠ ውል፦ የድንበራችን መኪኖችና የኢንሹራንስ ታሪክ

በወድ ኤል ሒለው ገበያ የቆመ የጭነት መኪና ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ አይገኝም። አንዱ ባሌስትራ ተደርቦለታል። የሌላው ካሶኒ በብረት ከፍ ተደርጓል። ሦስተኛው ከሻንሲው ጎን ሁለተኛ ሰልባትዮ ተበይዶለታል። ፒካፑ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ገብቶለት፣ ላዩን ሸራ ለብሶ ሰው ይጭናል። ከሑመራ በሐምዳይት፣ ከወድ ኤል ሒለው በሾዋክ ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና መተማ የምንመላለስ ነጋዴዎች ይህን ሁሉ እንደ ለውጥም አንቆጥረውም። ለእኛ መኪና ማለት እንዲህ ያለው ነው።

የኢንሹራንስ ወረቀቱ ግን የሚያውቀው ሌላ መኪና ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ሰልባትዮ፣ ዝቅ ያለ ካሶኒና ሁለት ሦስት ሰው የሚይዝ ካቢና ነው። መኪናው እስኪገለበጥ ድረስ ይህን ልዩነት የሚያስታውሰው የለም። ከተገለበጠ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የመኪኖቻችንንና የኢንሹራንሱን ታሪክ ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

ግማሹ ሉተን፣ ግማሹ እዚህ

ባቡር ከሰላ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን ገዳሪፍ የገባው በ1928 ነው። ሐዲዱ ግን እርሻ ውስጥ አይገባም፤ ከጣቢያው እስከ መንደሩ ያለው መንገድ የግመል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለሠራዊታቸው ቀለብ ብለው በገዳሪፍ ዙሪያ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ ጀመሩ። ማሽላውና ሰሊጡ ሲበዛ ለግመል የማይቻል ሆነ። ያን ጊዜ ለውሪው የአካባቢው ጌታ ሆነ።

የለውሪው ስም ቤድፎርድ ነው። እንግሊዝ አገር ሉተን ከተማ ያለው የቮክስሆል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ በዚህ ስም ያወጣው መኪና ነው። ሱዳን ሲገባ ብዙ ጊዜ ሙሉ መኪና ሆኖ አይመጣም ነበር፤ የሚመጣው ሻንሲው፣ ሞተሩና የፊቱ ክፍል ነው። ካሶኒውን፣ የጎን ግድግዳውንና ጌጡን የሚሠሩት የሱዳን አናጺዎችና ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። እያንዳንዱ ባለ ሙያ ለአሸዋው፣ ለጭቃውና ከጭነት በላይ ለሚሳፈረው ሰው በሚመች መንገድ ይሠራዋል። ስለዚህ የሱዳን ለውሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተለወጠ መኪና ነበር ማለት ይቻላል። «የፋብሪካው መልክ» የሚባል ነገር ስላልነበረው፣ ለውጡን ማሳወቅ የሚል ሐሳብም ለማንም አይመጣም።

በእኛ በኩል የመኪናውን ቋንቋ ያስተማረን ጣሊያን ነው። ሰልባትዮ፣ ባሌስትራ፣ ካሶኒና ካቢና ስንል ጣሊያንኛ እየተናገርን ነው። ሊብሬና ቦሎም እንዲሁ። በመንገዳችን ለረጅም ዘመን የነገሠው የፊያት መኪና፣ ሕዝቡ «ኤንትሬ» ያለው፣ ስሙም ከነቁጥሩ ጣሊያንኛ ነው። ገዳሪፍ ጋራዥ ውስጥ አንድ ዕቃ በአረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በጣሊያንኛ ሲጠራ የምንሰማው ለዚህ ነው። መካኒኩ ሦስቱንም ያውቃል፤ የኢንሹራንስ ፎርሙ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ድንበሩ ላይ ጎን የሚቀየርበት ዘመን

ኢትዮጵያ በቀኝ መንዳት የጀመረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሱዳን ግን የእንግሊዝን ልማድ ይዛ እስከ ሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1973) ድረስ በግራ ትነዳ ነበር። በመካከሉ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ድንበር የሚሻገር ሾፌር አገር ብቻ ሳይሆን የመንገድ ጎንም ይቀይር ነበር። ሱዳን ወደ ቀኝ ከዞረች በኋላም የድሮዎቹ ቤድፎርዶች መሪያቸው በቀኝ እንደሆነ ቀሩ። ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና ሊቀድም ሲል የሚመጣውን ስለማያይ፣ የረዳቱ ዓይን ያስፈልገው ነበር።

ከዚህ በኋላ መሪ ማዞር ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። በኋላም ከጃፓን መሪው በቀኝ ሆኖ የወጣ መኪና በዱባይ በኩል መሪው ወደ ግራ ተዛውሮ ወደ አካባቢያችን ሲገባ ኖሯል። ኢንሹራንስ ሻጭ ፊት ቀርቦ «መሪው የዞረ ነው» የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው። መሪ ማዞር የመሪውን ዘንግ፣ የፍሬን ፔዳሉንና ዳሽቦርዱን ሁሉ ይነካል። ለኢንሹራንስ ኩባንያ ከቀለም ቅብ ጋር የሚቆጠር ነገር አይደለም።

የሌሊት ጉዞ ዓመታት

በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ይህ አካባቢ የስደተኛ መጠጊያ ነበር። በዚያው ጊዜ እህል የጫኑ መኪኖች ከሱዳን ወደ ትግራይና ወደ ኤርትራ ይሻገሩ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1981 ካርቱም ላይ ያቋቋሙት የድንገተኛ እርዳታ ዴስክ ከዋና አንቀሳቃሾቹ አንዱ ነበር። መኪኖቹ የሚጓዙት በሌሊት ነው፤ ቀን የጦር አውሮፕላን ስላለ ከዛፍ ሥር ቅጠል ለብሰው ይውላሉ። ነዳጅ ማደያ በሌለበት ምድር ትርፍ ሰልባትዮና በርሜል መጫን ግድ ነበር። ጋራዥ በሌለበት ትርፍ ባሌስትራም እንዲሁ።

ያ ትውልድ ያስተማረን አሠራር ዛሬም አለ። ትርፍ ሰልባትዮ ስንበይድ የአባቶቻችንን ጥንቃቄ እየደገምን ነው። ለኢንሹራንስ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለእኛ ዋስትና የሆነው ተጨማሪ ነዳጅ፣ ለኩባንያው ተጨማሪ የእሳት አደጋ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ጠቡ የሚነሳው አንደኛው እውነት ለሌላኛው ሳይነገር ሲቀር ነው።

ከካርቱም በገዳሪፍና በከሰላ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው አስፋልት እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ተጠናቀቀ። የቶዮታ ፒካፖች በዙ። ሱዳኖች ሃይሉክሱን «ቦክስ»፣ ላንድ ክሩዘር ፒካፑን ደግሞ በእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም «ታችር» አሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 በላይኛው አትባራና በሰቲት (በእኛ አጠራር ተከዜ) ላይ የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች ተመረቁ። ውሃው የያዛቸው መንደሮች ሕዝብ ወደ አዳዲስ መንደሮች ተዛወረ። መንገዱም፣ ሰፈሩም፣ መኪናውም ተለወጠ። ውሉ ብቻ እንደነበረ ቀረ።

«እውነቱን ተናገር» የሚለው ሕግ ከየት መጣ?

የኢንሹራንስ ሕግ ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በሬ ሲሸጥ ገዢው ጥርሱን ከፍቶ ያያል። ኢንሹራንስ ሻጭ ግን የሚገዛውን አደጋ ከፍቶ ማየት አይችልም፤ የሚያውቀው ባለንብረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1766 ሎርድ ማንስፊልድ የተባለው እንግሊዛዊ ዳኛ በካርተርና በቦም ክስ ይህን መሠረት አኖረ። ጉዳዩ በሱማትራ ደሴት ስላለ ምሽግ ነበር። የምሽጉ ገዥ ካርተር ጠላት ቢይዘው ብሎ ኢንሹራንስ ገባ፤ ፈረንሳዮች ያዙት። ኢንሹራንስ ሰጪው «ምሽጉ ደካማ መሆኑን አልነገረኝም» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ሁለት ነገር አለ፦ ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው የሚያውቀውን መደበቅ የለበትም፤ ሆኖም ኢንሹራንስ ሰጪው ራሱ የሚያውቀውን ወይም ሊያውቀው የሚገባውን አልነገርከኝም ማለት አይችልም። በመጨረሻም ለካርተር ፈረደለት።

ኢትዮጵያ ውስጥ የአገር ውስጥ ኢንሹራንስ ኩባንያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 በኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ተጀምሮ በአልፍሬድ ዦፍሬ ተጠናቀቀ። ስለዚህ በኢንሹራንስ በኩል መንፈሱ የፈረንሳይ ነው። አንቀጽ 667 ባለ ኢንሹራንሱ የሚያውቀውን፣ አደጋውን ለመመዘን የሚጠቅመውን ሁሉ በትክክል እንዲናገር ያዛል። አንቀጽ 668 ሆን ብሎ የደበቀውንና ሳያስበው የቀረበትን ይለያል። ሆን ብሎ የደበቀ ውሉ ፈራሽ ይሆንበታል፤ የከፈለው አረቦንም አይመለስለትም። ያለ ተንኮል የቀረበት ካሳው በከፈለው አረቦን ልክ ይቀነስበታል። አንቀጽ 669 ደግሞ ውሉ ከተፈረመ በኋላ አደጋው ቢጨምር ማሳወቅ ግዴታ መሆኑን ይናገራል። በ1967 ዓ.ም. ደርግ 13 የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ሲወርስ፣ በ1986 ዓ.ም. ዘርፉ እንደገና ለግል ሲከፈት፣ እነዚህ አንቀጾች አልተነኩም።

ሱዳን ሌላ መንገድ ያዘች። እ.ኤ.አ. በ1979 ካርቱም ውስጥ የተቋቋመው እስላማዊ የኢንሹራንስ ኩባንያ በዓለም የመጀመሪያው ተካፉል እንደሆነ ይነገራል። ከ1992ቱ ሕግ ወዲህ ደግሞ በአገሪቱ ያለው ታሚን ሁሉ በዚሁ መንገድ እንዲሠራ ተደረገ። ተካፉልን ለሚያውቅ ሐበሻ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ከእድር ጋር ይቀራረባል። አባላቱ መዋጮ ያዋጣሉ፣ ጉዳት የደረሰበት ከመዋጮው ይካሳል፣ ከዓመቱ የተረፈው ለአባላቱ ይታሰባል። እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ መኪናውን ከፍ አድርጎ በዝቅተኛ መዋጮ የገባ ሰው ያታለለው ሩቅ ያለ ኩባንያ አይደለም። አብሮት ያዋጣውን ጎረቤቱን ነው።

ሒሳቡ

ለምሳሌ አንድ አይሱዙ ያለው ሰው እንውሰድ። ካሶኒውን ከፍ አድርጎ ባሌስትራ ደርቧል፣ ግን አልተናገረም። በዓመት 30,000 ብር አረቦን ይከፍላል። ለውጡን ቢናገር ኖሮ 40,000 ይከፍል ነበር እንበል። መኪናው ተገልብጦ 800,000 ብር ጉዳት ደረሰ። ኩባንያው ባለቤቱ ሆን ብሎ እንዳልደበቀ ቢቀበል እንኳ የሚከፍለው ሦስት አራተኛውን፣ 600,000 ብር ነው። 10,000 ብር የቆጠበው ሰው 200,000 ብር ከኪሱ ያወጣል። ሆን ብሎ ደብቋል ከተባለ ደግሞ ምንም አያገኝም። የእኛ መኪኖች ብዙዎቹ የአንድ ሰው አይደሉም፤ ሦስትና አራት ሆነን በእቁብና በብድር የገዛናቸው ናቸው። ስለዚህ ያ 200,000 ብር የአራት ቤት ዕዳ ይሆናል።

«ሦስተኛ ወገን አለኝ» የሚል መልስም ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ሦስተኛ ወገን የተገጨውን ሰውና ንብረት ነው የሚክሰው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለሞት ካሳው እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ተወስኖ ነበር። የራስን መኪና አይጠግንም። ቢጫ ካርዱም እንደዚሁ ነው። ኅዳር 25 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 1986) አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ፕሮቶኮል የተጀመረው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ድንበር ማዶ ለምናደርሰው ጉዳት ዋስ ይሆነናል እንጂ ለመኪናችንና ለሰሊጣችን አይሆንም። ቢጫ ካርዱ የሚሰጠውም አገር ቤት ባለው ውል ላይ ተመሥርቶ ነው። ሥሩ ጎዶሎ ከሆነ ቅርንጫፉም አያስተማምንም።

ምን እንናገር?

ለውጥ ሁሉ እኩል አይደለም። በእኛ መንገድ የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው፦

ተጨማሪ ሰልባትዮ፣ ከፍ ያለ ካሶኒና የተደረበ ባሌስትራ የእሳትና የመገልበጥ አደጋን ስለሚለውጡ መነገር አለባቸው።

ፒካፕ ላይ አግዳሚ ወንበር ማስገባት መኪናውን ከጭነት ወደ ሰው ማመላለሻ ይቀይረዋል። ይህ አረቦን ከመጨመር አልፎ የውሉን ዓይነት ይለውጣል። ከሁሉ በላይ መነገር ያለበትም ይህ ነው፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከኋላ የተቀመጠው ሰው ጉዳይ ነውና።

ሞተር መቀየር፣ መሪ ማዞርና ቀለም መለወጥ ሊብሬውንም ይነካሉ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና መኪናው ላይ ያለው ካልተገናኙ ጠቡ ከኢንሹራንስ በፊት ከመንገድ ትራንስፖርትና ከጉምሩክ ጋር ይጀምራል። መጀመሪያ ሊብሬው ይስተካከል፤ ከዚያ ኮፒው ለኢንሹራንሱ ይግባ።

የፊት መከላከያ ብረት፣ ፖርቶ መጋላ፣ ትርፍ መብራትና የስርቆት መቆጣጠሪያ ቀላል ይመስላሉ። አንዳንዶቹ አረቦን አያስጨምሩም ይሆናል፤ ግን ዋጋ አላቸው። ያልተመዘገበ ዕቃ ሲሰበር ካሳ አይጠየቅበትም።

አነጋገሩም በቃል ብቻ አይሁን። ለሽያጭ ሠራተኛው በስልክ «ካሶኒውን ከፍ አድርገናል» ማለት ነገ ማስረጃ አይሆንም። ከአራቱም ጎን ፎቶ አንስተን፣ ከጋራዡ ደረሰኝ ጋር በደብዳቤ እናስገባ። ኩባንያው ለውጡን የተቀበለበትን ማሻሻያ፣ እነሱ ኢንዶርስመንት የሚሉትን፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንቀበል። ኩባንያው ለውጡን አልቀበልም ካለም ከመንገድ በፊት ማወቁ ይሻላል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የጀመረው የሱዳን ጦርነት ስንቱን ቢሮ ከነፋይሉ እንዳጠፋ አይተናል። ስለዚህ አንድ ኮፒ መኪናው ውስጥ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ደግሞ ስልካችን ላይ ይኑር። በጦርነት የሚደርስ ጉዳትም በተለመደው የመኪና ውል ውስጥ በአብዛኛው እንደማይካተት አንርሳ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። መኪኖቻችን የተለወጡት በተንኮል አይደለም። መንገዱ፣ ረሃቡ፣ ጦርነቱና ጭቃው ናቸው የለወጧቸው። የሚያሳፍር ነገር ስለሌለበትም የሚደበቅበት ምክንያት የለም። የዘንድሮው ሰሊጥ ከመጫኑ በፊት ሊብሬውን፣ ውሉንና መኪናውን ጎን ለጎን አቁመን እንያቸው። ሦስቱ አንድ መኪና ካልሆኑ፣ ጉዞው ከኢንሹራንሱ ቢሮ ይጀምር።