ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ በገዛ አገራቸው እንግዳ የነበሩ የሒሳብ ዐዋቂ

የደብረ ታቦር ልጅ ሆኖ የጋፋትን ታሪክ ያልሰማ አይገኝም። ከስዊዘርላንድ አገር ከቅዱስ ክሪሾና የመጡት ሚሲዮናውያን ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው ሳለ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሥሩልኝ ብለው ጋፋት ላይ እንዳስቀመጧቸው፤ እነ ዋልድማየርም በሰው አገር አዲስ ሙያ ጀምረው ከብዙ ሙከራ በኋላ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እንዳፈሰሱ፤ መድፉም በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ እንደ ደረሰ፥ ከአያቶቻችንም ከመምህራኖቻችንም ሰምተናል። በዚህ መጽሔት ስለ ጋፋት የሚጽፉ ጓደኞች እንደማይጠፉ ስለማውቅ እኔ ነገሩን እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ሆኖም ስለ መድፉ ስንናገር የማንጠይቀው አንድ ነገር አለ። ለዚያ ሁሉ ሥራና ለዚያ ሁሉ ሠራዊት ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ በገበሬው ቤት ተሰርቶ መብላቱን ትቶ በደመወዝ እንዲኖር አስበው ነበር። ለዚህም ገቢ ስላስፈለጋቸው ከካህናቱ ጋር በመሬት ተጣሉ፤ አገሩ እየሸፈተ ግብሩ ሲጓደል ደግሞ ሠራዊቱ በዘረፋ የሚኖር ሆነ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፥ ተቃጠለችም። ይህን የማነሣው ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ሲፈለግ፥ የመንግሥቱን ገቢና ወጪ መርምሮ «በዚህ አካሄድ ሦስት ዓመት አንዘልቅም» ብሎ የሚናገር ሰው አለመፈለጉን ለማሳየት ነው። እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩም በአገራችን አይታወቅም ነበር።

ዛሬ ይህን ሙያ የያዘውን ሰው የፋይናንስ ተንታኝ እንለዋለን። ከመዝገብ ያዥ ይለያል። መዝገብ ያዡ የገባውንና የወጣውን ይጽፋል፤ ተንታኙ ግን የተጻፈውን አንብቦ ገንዘቡ ለምን በዚህ በኩል ገባ፥ ለምን በዚያ በኩል ወጣ፥ ነገስ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ካነሡት ቀዳሚዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ነጋድራስ የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ በማይ ምሻም ነው። አባታቸው ባይከዳኝ፥ ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ አድርገዋት ከነበሩት ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ዘምተው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ልጁም በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ። እኔም ፊደል የቆጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፥ ይህን ሳነብ ትንሽ ኩራት ተሰምቶኛል። ይሁን እንጂ ሚሲዮኑ ብቻውን ለዚያ ማዕርግ አላደረሳቸውም። ታሪካቸውን የጻፉት ሊቃውንት እንደሚተርኩት፥ ገና ልጅ ሳሉ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደብ ላይ ከቆመች መርከብ ተሳፈሩ፤ መርከቢቱም ይዛቸው ሄደች። የመርከቡም አዛዥ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ አደራ ሰጣቸው። በዚያ ቤት እንደ ልጅ አደጉ፤ ጀርመንኛ ተማሩ፤ በበርሊንም የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ።

አንባቢ ሆይ፥ ሰው በአዲስ አገር ሥራ ጀመረ ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ከዚህ ወጥቶ ባሕር የተሻገረውን ነው። የነጋድራስ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ለእሳቸው አዲሱ አገር ኢትዮጵያ ነበረች። አፋቸውን የፈቱት በትግርኛ፥ የተማሩት በጀርመንኛ፥ አዲስ አበባ ሲገቡ የሚጠብቃቸው ግን የአማርኛ ቤተ መንግሥት ነው። ሥራቸውን የጀመሩትም በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት ነው። ዐፄ ምኒልክ በታመሙባቸው ዓመታት በቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ምክንያት ከአገር ወጥተው ስደትን ቀመሱ። በልጅነቱ ከአገር የወጣ ሰው ሲመለስ በሁለት ዐይን ይታያል፤ ዕውቀቱ ይፈለጋል፥ ልቡ ግን ይጠረጠራል። ዛሬም ቢሆን ይህ ነገር ጨርሶ የጠፋ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ችግር ደግሞ ሥራው ራሱ ቦታ አልነበረውም። በጊዜው የመንግሥቱ ገንዘብና የንጉሡ ገንዘብ በአንድ ግምጃ ቤት ይቀመጥ ነበር። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክም የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ተቀጥላ ስለ ነበር፥ የበላዮቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ግብሩ በማር፥ በእህልና በጉልበት ይከፈላል፤ በገበያ አሞሌ ጨው ከብር ጋር ይመነዘራል። ማርና እህል፥ አሞሌና የሰው ጉልበት በአንድነት አይደመሩም፤ ያልተደመረን ነገር ደግሞ ማን ይመረምረዋል? ገብረ ሕይወት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 በታተመው «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው፥ የመንግሥት ሀብት ከንጉሡ ሀብት ይለይ፥ ግብሩ ተቆርጦ በገንዘብ ይከፈል፥ መገበያያውም አንድ ዐይነት ይሁን ያሉት ለዚህ ነው። ሌላው ሰው ይህን ሲያነብ የሥርዐት ለውጥ ብቻ ይመስለዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ተንታኙ ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገውን መቁጠሪያ መጠየቁ ነው።

ስለ ብሩም አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። አባቶቻችን የማርያ ቴሬዛ ብር እያሉ የተገበያዩበት ገንዘብ 1780 የሚል ዓመት ተቀርጾበት፥ የሞተች ንግሥት መልክ ይዞ፥ የሚታተመው ለገብረ ሕይወት አሳዳጊ በሆነችው በኦስትሪያ ነበር። የብሩ ዋጋ ንጥረ ብሩ በዓለም ገበያ ሲወጣ ይወጣል፥ ሲወርድ ይወርዳል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በዚህ ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ዛሬ የምናውቀው የኢትዮጵያ የወረቀት ብር የወጣው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው፤ ያም ጊዜ እሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

በልጅ ኢያሱ ዘመን ወደ ሹመት ተመልሰው የምድር ባቡሩን ሥራ እንዲቆጣጠሩ ተደረገ፤ ከዚያም የድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆኑ። ድሬዳዋ ያን ጊዜ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ የፈጠራት አዲስ ከተማ ነበረች። ቀድሞ በእኛ አገር ይፋግ ትልቅ ገበያ ሳለች፥ ነጋዴው በቅሎና አህያ ጭኖ ወደ ምጽዋ ሲወርድ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ አሁን ግን ንግዱ በአንድ በር ሲጎርፍ በበሩ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ማየት ቻለ። ቡናና ቆዳ ይወጣል፤ አቡጀዲና የብረት ዕቃ ይገባል። የጉምሩክ ሹም ገቢ ዕቃ በበዛ ቁጥር ቀረጡ ስለሚበዛለት ደስ ሊለው ይገባል። እሳቸውን ግን አላስደሰታቸውም፤ ሳጥኑ ውስጥ የገባውን ብር ብቻ ሳይሆን ለብሩ የወጣውን ድካም ይቆጥሩ ነበርና።

ሐሳባቸውን በእኛ አገር ምሳሌ ልግለጸው። ከጉና ሥር ያለ የፋርጣ ገበሬ ገብሱን ለማድረስ ያርሳል፥ ይጎለጉላል፥ ያርማል፥ ያጭዳል፥ ይወቃል፤ ከዚያም በአህያ ጭኖ ገበያ ወርዶ አንድ ጋቢ ሊሆን የሚችል ክር ይገዛል። ክሩን በመኪና የፈተለው የውጭ አገር ሠራተኛ ግን ያንኑ ያህል ክር ለመሥራት የጥቂት ሰዓት ድካም ይበቃዋል። በሚዛኑ ላይ ዋጋቸው እኩል ነው፤ የተለዋወጡት ግን የብዙ ሳምንት ድካም በጥቂት ሰዓት ድካም ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም አንደኛው አገር ምንም ጦር ሳይሰብቅ የሌላውን ልፋት ይወስዳል። ነጋድራስ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ያብራሩት ይህን ነው። መድኀኒቱም ትምህርት፥ መንገድና ባቡር፥ ባንክ፥ እንዲሁም የአገር ውስጥ ሥራን የሚጠብቅ ቀረጥ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በአንድ ነገር ግን ከእሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ነጋድራስ የሕዝባችንን ድህነት ዕውቀት በማጣት ላይ አጥብቀው ይጥሉታል፤ ቃላቸውም አንዳንድ ጊዜ መራራ ነው። የደጋ ገበሬ መሬቱን፥ ዝናሙንና ዘሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ያጣው መሣሪያና መንገድ፥ ከሁሉም በላይ የድካሙን ዋጋ የሚቆጥርለት ሰው ነው። ከውጭ የተመለሰ ምሁር አገሩን ከሩቅ አሻግሮ ስለሚያይ ትልቁን ነገር ይለያል፤ ትንሹ ግን ሊያመልጠው ይችላል።

ዛሬ ከጎንደርና ከጎጃም፥ ከመላው ኢትዮጵያም፥ ብዙ ወጣቶች ሒሳብና ምጣኔ ሀብት ተምረው ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ይሄዳሉ። ዲግሪ ይዞ የሄደው ሰው እንኳ በመጀመሪያ መኪና እያቆመ ወይም ዕቃ እየሸጠ፥ የአገሩን ቋንቋ፥ የግብር ሕግና የመዝገብ አያያዝ እንደ ገና ይማራል። ወላጆች ይህን ሲሰሙ «ያ ሁሉ ትምህርት ለዚህ ነው?» ይላሉ። የበርሊን ተማሪ የነበሩት ገብረ ሕይወትም በአስተርጓሚነት መጀመራቸውን እያሰብሁ፥ ይህ ጥያቄ ፈጥኖ የመጣ ይመስለኛል።

ነጋድራስ በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። መጽሐፋቸውን ታትሞ አላዩትም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. ጳውሎስ መናመኖ አሳተሙት። በፈረንጆች 1995 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። በአገራችን የኩባንያዎች ድርሻ በይፋ የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ በዚያ የሚገበያይ ሰው ደግሞ የድርጅቶችን ሒሳብ አንብቦ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ከእኛ ክፍል ሦስት ተማሪዎች የሒሳብ አያያዝ ለመማር ቈርጠዋል። አንደኛዋ ለምን እንደ መረጠች ብጠይቃት፥ አባቷ ድንች ጭኖ ባሕር ዳር ሸጦ ሲመለስ ሁልጊዜ ያተረፈውን እንጂ ያወጣውን እንደማይነግራቸው አጫወተችኝ።