ሦስት ሰዓት ወደኋላ የቀረው ኮምፒውተር

ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ካሠራው ፖስታ ቤት ብዙም ሳልርቅ የትየባና የጥገና ቤቴን የከፈትሁት በ2000 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰሞን ያዘዝኋቸው የኡቡንቱ ሊኑክስ ሲዲዎች ከባሕር ማዶ በፖስታ ደረሱኝ። ካኖኒካል የተባለው ድርጅት ለጠየቀው ሁሉ ያለ ክፍያ ይልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አቆመ። ከየኢንተርኔት ካፌው ቫይረስ ጠግቦ የሚመጣውን ፍላሽ ሁሉ የማጸዳው በእነዚያ ሲዲዎች ነበር፤ ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አይነሣማ።

ዊንዶውስን ግን የሚተው አልነበረም፤ ምክንያቱም ፊደላችን። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ከተራራችን ጋር ስም የሚጋራው ዳሸን ኢንጂነሪንግ አሜሪካ ውስጥ አማርኛ መጻፊያ ካወጣ ጀምሮ፣ እስከ ፓወር ግዕዝ ድረስ፣ የየዘመኑ ሶፍትዌር ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጥ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው የላቲን ፊደል ዝርክርክ ይሆናል። ዩኒኮድ ፊደላችንን እ.ኤ.አ. በ1999 ተቀብሎታል፤ የየቢሮው መዝገብ ግን በአሮጌው መንገድ እንደተጻፈ ቀረ። ስለዚህ ደንበኞቼ ዊንዶውስንም ሊኑክስንም ፈለጉ፤ እኔም በሁለት ሃርድ ዲስክ ለያይቼ መጫን ጀመርሁ።

በ2004 ዓ.ም. አንድ የኔታ ከደባርቅ ኮምፒውተራቸውን በተማሪያቸው አሸክመው መጡ። ፎንቱ ጠፍቶ እንዳይቀር የሚሰጉለት፣ በፓወር ግዕዝ የተየቡት የዓመታት ቅኔ ነበራቸው።

«ልጄ፣ ሰዓቱ አልታመን አለኝ። ባትሪ ሁለት ጊዜ ተቀየረለት።»

ከፈትሁት። ረፋዱ 4 ሰዓት ነው፤ ዊንዶውሱ ግን የፈረንጁን 7፣ በእኛ ገና ንጋት 1 ሰዓት ይላል። ቀኑም ዓመቱም ልክ ነው። ባትሪው ቢሞት ኖሮ ዓመቱ ራሱ ወደኋላ ይሸሽ ነበር፤ የጎደለው ግን ሦስት ሰዓት ብቻ፣ ሳይዛነፍ። ጎንደር ከግሪንዊች የምትቀድመው በዚሁ በሦስት ሰዓት ነው።

«የኔታ፣ ባትሪው ደኅና ነው። ማዘርቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ ሰዓት አለች። ሊኑክስ የግሪንዊችን ሰዓት ይጽፍባታል፤ ሲያነብ ሦስት ይደምርበታል። ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ሳይደምር እንዳለ ይወስደዋል።»

ጥቂት ዝም ብለው «ንባቡ አንድ፣ ትርጓሜው ሁለት፤ እንደ ላይ ቤትና ታች ቤት በለኛ» አሉ። የመጻሕፍት ትርጓሜ በሁለት ቤት የተለየው እዚሁ ጎንደር ነው፤ የታች ቤቱ የሚያያዘው ከመምህር ኤስድሮስ ጋር ነው። እኔ ነገሩን ለደንበኛ በዚህ ቅልጥፍና አስረድቼ አላውቅም ነበር። ሊኑክሱ በአካባቢ ሰዓት እንዲጽፍና እንዲያነብ አንድ መስመር ትእዛዝ ሰጠሁት፤ ሰዓቱን አስተካክዬ እያፈራረቅሁ ሦስት ጊዜ አስነሣሁት። ደባርቅ ኢንተርኔት ስላልነበራቸው ዊንዶውሱ ራሱን የሚያርምበት መንገድም አልነበረው።

ሌላ ሕመም አገኘሁበት። የሊኑክሱን ዲስክ ስነቅል ዊንዶውሱም አልነሣ አለ። የጫነው ሰው ሁለቱንም ዲስክ እንደሰካ ስለጫነ፣ የዊንዶውሱ ማስነሻ ፋይል የገባው ከሊኑክሱ ዲስክ ላይ ነው። ይህን ስሕተት እኔም አውቀዋለሁ፤ ከዚህም የባሰ ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ መጠናቸው እኩል ከሆነ ሁለት ዲስኮች የተሳሳተውን ፎርማት አድርጌ የአንዲት ተማሪን የመመረቂያ ጽሑፍ አጠፋሁ። ፊቷ ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ አንዱን ስጭን የሌላውን ኬብል ሳልነቅል ሲዲ አላስገባም።

የኔታንም ዲስክ እንደዚሁ አደረግሁ፦ የሊኑክሱን ኬብል ነቅዬ የዊንዶውሱን ማስነሻ በራሱ ዲስክ ላይ ጠገንሁ፤ መልሼ ሰካሁና የሊኑክሱንም በራሱ ዲስክ አኖርሁ። ከእንግዲህ ማሽኑ ሲበራ ኤፍ12ን ተጭነው የሚፈልጉትን ይመርጣሉ፤ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ይነሣል።

ቅኔውን ወደ ዩኒኮድ ማዞሩ ግን በአንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም። ተማሪው ሱቄ አድሮ ካዞርነው ላይ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ የኔታ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጡ ነበር፤ አንዲት ፊደል ስትሳሳት እጃቸውን ያነሣሉ።